ፕሮፌሰር ሰር ጆን ቬን፦ የፀረ ብግነት መድኃኒቶችን አሠራር የገለጡ ሊቅ

የወገብ፣ የጉልበትና የመገጣጠሚያ ሕመም ለወራትና ለዓመታት የሚያሠቃያቸው ሰዎች ከመድኃኒት ቤት ይዘዋቸው ከሚወጡት መድኃኒቶች መካከል በብዛት የሚታወቁት ፀረ ብግነት ከሚባለው ቤተሰብ ይመደባሉ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን የዚህ ቤተሰብ ነባር አባላት ሲሆኑ፣ ሴሌኮክሲብ ደግሞ መራጭ ፀረ ብግነት ተብለው ከሚጠሩት አዳዲሶቹ አንዱ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን እንዴት እንደሚያስታግሡ፣ ስለምንስ ጨጓራን እንደሚያቆስሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በማስረጃ ያስረዱት እንግሊዛዊው የመድኃኒት ሳይንስ ሊቅ ፕሮፌሰር ሰር ጆን ሮበርት ቬን ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው የአንድ ተመራማሪ ድል ብቻ አይደለም። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባውን ጥቅምና ጉዳት በአንድነት ይዟል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ጆን ቬን ማርች 29 ቀን 1927 በእንግሊዝ አገር በዉስተርሺር አውራጃ፣ ታርድቢግ በተባለች መንደር ተወለዱ። አባታቸው ከሩሲያ ወደ እንግሊዝ ከፈለሰ የአይሁድ ቤተሰብ የተገኙ ነጋዴ ሲሆኑ፣ እናታቸው የዚያው የዉስተርሺር ገበሬዎች ልጅ ነበሩ። ቬን ከታላቅ ወንድማቸውና ከታላቅ እኅታቸው ጋር በበርሚንግሃም ከተማ አካባቢ አደጉ።

የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ ወላጆቻቸው ለገና በዓል የኬሚስትሪ መሞከሪያ ዕቃዎችን በስጦታ አበረከቱላቸው። ስጦታው የሕይወታቸውን አቅጣጫ ወሰነ። ሙከራቸውን ያካሂዱ የነበረው በእናታቸው ማድ ቤት፣ ከጋዝ ምድጃው በተቀጠለ ማንደጃ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን የሚሞክሩት ነገር ፈንድቶ አዲስ ቀለም የተቀባውን ማድ ቤት አበላሸው። አባታቸው ልጃቸውን ከሙከራ ከመከልከል ይልቅ በጓሮ ትንሽ የእንጨት ቤት ሠርተው፣ የሥራ ጠረጴዛ፣ ጋዝና ውኃ አስገቡላቸው። የወደፊቱ የኖቤል ተሸላሚ የመጀመሪያ ቤተ ሙከራ ይህች የጓሮ ቤት ነበረች።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በበርሚንግሃም በሚገኘው በንጉሥ ኤድዋርድ ትምህርት ቤት ከፈጸሙ በኋላ፣ በ1944 ኬሚስትሪ ለማጥናት ወደ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ነገር ግን በልጅነታቸው የወደዱትን የፍለጋ ደስታ በዚያ አላገኙትም። የሚሰጣቸው የቤተ ሙከራ ሥራ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ፣ ከተማሪው የሚጠበቀውም የተሠራውን ንጥረ ነገር መጠን መመዘን ብቻ ሆነባቸው። በዚህም ምክንያት ፕሮፌሰር ሞሪስ ስቴሲ ከምረቃ በኋላ ምን መሥራት እንደሚፈልጉ ሲጠይቋቸው፣ ከኬሚስትሪ በቀር ማናቸውንም ሥራ እንደሚመርጡ ተናገሩ።

መልሱ ለማዕረግ የሚበቃ ወጣት የሚሰጠው ባይመስልም መልካም በር ከፈተ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ሳይንስ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ሃሮልድ በርን በዚያው ሰሞን ወደ መድኃኒት ምርምር ሊገባ የሚፈልግ ወጣት የኬሚስትሪ ምሩቅ እንዲልኩላቸው ስቴሲን ጠይቀው ነበር። ቬን ዕድሉን ያለማመንታት ተቀበሉ፤ የመድኃኒት ሳይንስ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም ነበርና ትርጉሙን ለማወቅ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ።

በሕያው ሥጋ የመመዘን ጥበብ

በ1946 ኦክስፎርድ የገቡት ቬን ከበርን የወረሱት ታላቅ ሀብት ንጥረ ነገሮችን በሕያው ሥጋ የመመዘን ጥበብ ነው። በዚያ ዘመን በደም ውስጥ በእጅጉ ጥቂት ሆነው የሚገኙ ንጥረ ነገሮችን ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። ከእንስሳ የተወሰደ የአንጀት ወይም የደም ቧንቧ ቁራጭ ግን ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለየ መልስ ይሰጣል፤ አንዱ ሲነካው ይኮማተራል፣ ሌላው ሲነካው ይላላል። ቁራጩ በቀጭን ክር ከብዕር ጋር ሲያያዝ እንቅስቃሴው በወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ተመራማሪውም ከጽሑፉ የንጥረ ነገሩን ማንነትና መጠን ይረዳል።

ቬን በ1953 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከኦክስፎርድ ተቀብለው፣ ለሁለት ዓመታት በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ በ1955 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በለንደን በእንግሊዝ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ሥር በነበረው የመሠረታዊ የሕክምና ሳይንስ ተቋም ተቀጥረው ለ18 ዓመታት ሠሩ። በ1966 የሙከራ የመድኃኒት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆኑ።

በዚህ ተቋም ሳሉ ከመምህራቸው የተማሩትን ጥበብ አሻሻሉት። የተለያዩ የሥጋ ቁራጮችን አንዱን ከሌላው በታች በመደዳ ሰቅለው፣ ከእንስሳው የሚወጣው ደም ወይም ፈሳሽ ከላይ ወደ ታች በሁሉም ላይ እንዲፈስ አደረጉ። በዚህ ዘዴ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተበላሽተው የሚጠፉ ንጥረ ነገሮችን እንኳ ከመጥፋታቸው በፊት መያዝ ተቻለ። የኋለኛው ዘመን ግኝቶቻቸው ሁሉ የተገነቡት በዚህ ቀላል በሚመስል ዘዴ ላይ ነው።

ዘዴው ፍሬ ካፈራባቸው ሥራዎች አንዱ ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ ነው። ብራዚላዊው ዶክተር ሰርጂዮ ፌሬራ ጃራራካ ከሚባለው የአገራቸው እፉኝት መርዝ ያወጡትን ንጥረ ነገር ይዘው ወደ ቬን ቤተ ሙከራ መጡ። በዚያም የሚሠሩ ተመራማሪዎች የመርዙ ንጥረ ነገር የደም ቧንቧን የሚያጠብብ ኬሚካል የሚያመርተውን ኢንዛይም እንደሚገታ አሳዩ። ቬን አማካሪ ለነበሩበት ለስኩዊብ የመድኃኒት ኩባንያ ይህን መንገድ እንዲከተል ሐሳብ አቀረቡ። የኩባንያው ተመራማሪዎች ካፕቶፕሪልን ሠሩ። ዛሬ ለደም ግፊትና ለልብ ድካም የሚታዘዘው ኤናላፕሪል የተገኘውም በዚሁ መንገድ ነው።

የአስፕሪን ምሥጢር

አስፕሪን በጀርመን ባየር ኩባንያ በ1897 በንጹሕ መልኩ ተሠርቶ በ1899 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ የሰው ልጅ እጅግ የተጠቀመበት መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። ከዚያ አስቀድሞም የአኻያ ዛፍ ቅርፊት ለትኩሳትና ለቁርጥማት ማስታገሻነት ያገለግል ነበር። ይሁን እንጂ አስፕሪን ትኩሳትን፣ ሕመምንና እብጠትን በአንድ ጊዜ የሚያበርደው በምን መንገድ እንደሆነ ለ70 ዓመታት ያህል በእርግጠኝነት የሚናገር አልተገኘም። ከእሱ በኋላ የመጡት ኢንዶሜታሲንና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ አሠራራቸው ሳይታወቅ ይታዘዙ ነበር።

በ1969 ቬን ከባልደረባቸው ከፕሪሲላ ፓይፐር ጋር ሆነው፣ አለርጂ በተቀሰቀሰበት የጊኒ ፒግ ሳንባ ላይ ጥናት ሲያካሂዱ፣ ከሳንባው የጥንቸልን ደም ቧንቧ አጥብቆ የሚያኮማትር፣ ወዲያውም የሚጠፋ እንግዳ ንጥረ ነገር እንደሚወጣ አዩ። አስፕሪን ሲጨመር ደግሞ ይህ ንጥረ ነገር መውጣቱን ያቆማል። ምክንያቱ ለጊዜው አልተገለጠም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1971፣ ቬን በአንድ የዕረፍት ቀን ስለዚሁ ጉዳይ ሲጽፉ ነገሩ በአእምሯቸው ተያያዘ። ስዊድናውያኑ ሱኔ በርግስትሮምና ቤንግት ሳሙኤልሰን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በሰውነት ውስጥ ከስብ ዓይነት አሲድ እንደሚሠሩ ቀደም ሲል አሳይተው ነበር። ፕሮስታግላንዲን ትኩሳትን፣ መቅላትንና እብጠትን ያመጣል፤ የሕመም ነርቮችንም ያስቆጣል። እንግዲያስ አስፕሪን የሚሠራው ፕሮስታግላንዲንን የሚያመርተውን ኢንዛይም በመግታት ቢሆንስ? ቬን ሰኞ ዕለት ወደ ቤተ ሙከራቸው ገብተው የጊኒ ፒግ ሳንባ ፈጭተው ሐሳባቸውን ፈተኑ። አስፕሪንና ኢንዶሜታሲን በጨመሩ ቁጥር የፕሮስታግላንዲን ምርት ቀነሰ።

ውጤቱ በጁን 1971 ኔቸር ኒው ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት ታተመ። በዚያው እትም ሁለት ተጨማሪ ጥናቶች፣ አንዱ በውሻ ጣፊያ፣ ሌላው በሰው ደም ሕዋሳት ላይ ተካሂደው ይህንኑ አረጋገጡ። በአንድ ግኝት ሁለት ጥያቄዎች ተመለሱ። ፕሮስታግላንዲን በተጎዳ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲመረት ሕመምና እብጠት ያመጣል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ሲገታው ሕመሙ ይቀንሳል። ያው ፕሮስታግላንዲን ግን በጨጓራ ውስጥ ግድግዳውን ከአሲድ ይጠብቃል፤ በኩላሊትም የደም ዝውውርን ይደግፋል። መድኃኒቱ በሁሉም ቦታ ስለሚገታው ጨጓራው መከላከያውን ያጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል። የመድኃኒቱ ጥቅምና ጉዳት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸው በዚህ ታወቀ።

የደም ቧንቧ ጠባቂ

ቬን በ1973 ከዩኒቨርሲቲ ዓለም ወጥተው የዌልካም ፋውንዴሽን የምርምርና ልማት ዳይሬክተር ሆኑ። አብረዋቸው ወደዚያ ከተጓዙት አንዱ ዶክተር ሳልቫዶር ሞንካዳ ነበሩ። በ1976 ሞንካዳ፣ ፖላንዳዊው ሪሻርድ ግሪግሌቭስኪ፣ ስቱዋርት በንቲንግና ቬን ከደም ቧንቧ ግድግዳ የሚመነጭ አዲስ ንጥረ ነገር አገኙ። ኋላ ፕሮስታሳይክሊን ተብሎ የተሰየመው ይህ ንጥረ ነገር የደም ቧንቧን ያሰፋል፤ ፕሌትሌት የሚባሉት ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሕዋሳት እርስ በርስ እንዳይጣበቁም ይከለክላል።

ከዚያ በፊት በ1975 ሳሙኤልሰንና ባልደረቦቻቸው ትሮምቦክሴንን አግኝተው ነበር። ትሮምቦክሴን ከፕሌትሌት የሚመነጭ ሲሆን ተግባሩ የፕሮስታሳይክሊን ተቃራኒ ነው፤ ደምን ያረጋል፣ ቧንቧን ያጠብባል። በ1969 ከጊኒ ፒግ ሳንባ ሲወጣ የታየው እንግዳ ንጥረ ነገርም ዋነኛው ክፍል ይኸው ትሮምቦክሴን ሆኖ ተገኘ። በጤነኛ ሰው ደም ቧንቧ ውስጥ ሁለቱ እንደ ሚዛን ሁለት እጆች ናቸው። ሚዛኑ ወደ ትሮምቦክሴን ካጋደለ ደም ያለቦታው ረግቶ የልብን ወይም የአንጎልን ደም ሥር ሊዘጋ ይችላል። አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን በልብ ሕመምተኞች ዘንድ የሚታዘዘውም በፕሌትሌት ውስጥ ትሮምቦክሴንን ስለሚገታ ነው።

በርግስትሮም፣ ሳሙኤልሰንና ቬን በ1982 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። በ1984 ደግሞ ቬን ከእንግሊዝ ዘውድ የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ፕሮስታሳይክሊንም በመድኃኒትነት ተዘጋጅቶ፣ የሳንባ ደም ቧንቧ ግፊት በጠናባቸው ሕሙማን ሕክምና ላይ ዋለ።

ጨጓራን የማይጎዳ መድኃኒት ተስፋ

ቬን በ1985 ዌልካምን ለቀው፣ በ1986 በለንደን በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የሕክምና ኮሌጅ የዊልያም ሃርቪ የምርምር ተቋምን መሠረቱ። ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋ ቢሆንም ከአስፕሪን ጋር የጀመሩት ሥራ ገና አላለቀም ነበር።

በ1991 በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ፕሮስታግላንዲንን የሚያመርተው ኢንዛይም አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን አረጋገጡ። የመጀመሪያው ኮክስ-1 ሲባል፣ በጨጓራ፣ በኩላሊትና በፕሌትሌት ውስጥ ዘወትር እየሠራ ሰውነትን የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው ኮክስ-2 ሲሆን፣ በአብዛኛው ጉዳት ወይም ብግነት ሲደርስ የሚቀሰቀስ ነው። የሁለቱ ኢንዛይሞች ቅርጽ በእጅጉ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን በአንድ የአሚኖ አሲድ ልዩነት ምክንያት ኮክስ-2 በጎኑ ተጨማሪ ኪስ አለው። ወደዚህ ኪስ የሚገባ ሞለኪውል ኮክስ-2ን ገትቶ ኮክስ-1ን ይተወዋል።

የቬን ተቋም በ1993 ባወጣው ጥናት ነባሮቹ መድኃኒቶች ሁለቱን ኢንዛይሞች የሚገቱበት መጠን እንደሚለያይ አሳየ። ተስፋው ግልጽ ነበር። ኮክስ-2ን ብቻ መርጦ የሚገታ መድኃኒት ቢገኝ ሕመሙን እያስታገሠ ጨጓራውን ሊምር ይችላል። በመገጣጠሚያ ብግነት ለሚሠቃዩና የጨጓራ ቁስለት ለሚያሠጋቸው ሰዎች ይህ ታላቅ ዜና ነበር። ቬንም የተሻለ አስፕሪን ሊገኝ መቃረቡን በጽሑፍና በንግግር ካስተጋቡት ሊቃውንት አንዱ ሆኑ። ሴሌኮክሲብ በዲሴምበር 1998 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ፤ በ1999 ሮፌኮክሲብ ተከተለው።

በ2000 የታተመ፣ ከ8,000 በላይ የሩማቶይድ መገጣጠሚያ ብግነት ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ተስፋው እውነት መሆኑን ያሳየ መሰለ። ሮፌኮክሲብ የወሰዱት ሰዎች ናፕሮክሰን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የጨጓራና የአንጀት ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው በግማሽ ያነሱ ነበሩ። ያው ጥናት ግን ሌላ ነገርም አሳየ። ድንገተኛ የልብ ሕመም የገጠማቸው ከሮፌኮክሲብ ወሳጆች መካከል በዙ። አንዳንዶች ምክንያቱ ናፕሮክሰን ልብን ስለሚጠብቅ ነው ሲሉ፣ ሌሎች ግን ጉዳቱ ከራሱ ከሮፌኮክሲብ እንደሆነ ተከራከሩ።

የሚዛኑ መዛባት

የክርክሩ መፍቻ ቬንና ባልደረቦቻቸው በ1976 ባገኙት በፕሮስታሳይክሊን ውስጥ ነበር። በ1999 የታተሙ ጥናቶች መራጮቹ መድኃኒቶች በጤነኛ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ፕሮስታሳይክሊንን እንደሚቀንሱ አሳይተው ነበር። የደም ቧንቧ ፕሮስታሳይክሊንን ለማምረት በኮክስ-2 ይጠቀማል፤ ፕሌትሌት ትሮምቦክሴንን የሚያመርተው ግን በኮክስ-1 ነው። ስለዚህ ኮክስ-2 ብቻ ሲገታ ደምን ከመርጋት የሚጠብቀው እጅ ይደክማል፣ የሚያረጋው እጅ ግን ባለበት ይቀራል። ጨጓራን ያዳነው መራጭነት በልብ በኩል ሚዛኑን አዛባው።

ቁርጥ ያለው ማስረጃ የመጣው በ2004 ነው። የትልቁ አንጀት እጢ ዳግም እንዳይበቅል ሮፌኮክሲብ ይከላከል እንደሆነ ለማወቅ በ2,586 ሰዎች ላይ በተካሄደ ጥናት፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድላቸው ባዶ ክኒን ከወሰዱት ሰዎች በእጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው መድኃኒቱ ከ18 ወራት በላይ ከተወሰደ በኋላ ነበር። አምራቹ ኩባንያ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2004 ሮፌኮክሲብን ከመላው ዓለም ገበያ ሰበሰበ። በዚያ ጊዜ መድኃኒቱ ከ80 በሚበልጡ አገሮች ተሽጧል። በኤፕሪል 2005 ደግሞ ቫልዴኮክሲብ የተባለው ሌላው መራጭ መድኃኒት ከገበያ ወጣ።

ሰር ጆን ቬን ይህን የመጨረሻ ክርክር እስከ ፍጻሜው አላዩም። ሮፌኮክሲብ በተሰበሰበ በ50ኛው ቀን፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2004፣ በ77 ዓመታቸው በእንግሊዝ አገር በኬንት አረፉ። በ1948 ያገቧቸው ባለቤታቸውና ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ከእሳቸው በኋላ ቀርተዋል።

ከሥራቸው ለታካሚው የተረፈው

ሴሌኮክሲብ ዛሬም ከማስጠንቀቂያ ጋር በሥራ ላይ ነው። በ2016 የታተመ፣ ወደ 24,000 የሚጠጉ ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት፣ በመጠነኛ መጠን የሚወሰድ ሴሌኮክሲብ በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከአይቡፕሮፌንና ከናፕሮክሰን እንደማይበልጥ አሳይቷል። ይህ ማለት ግን ሁሉም ጉዳት አልባ ናቸው ማለት አይደለም። ከአነስተኛ መጠን አስፕሪን በቀር የፀረ ብግነት መድኃኒቶች በሙሉ የልብ ሕመምንና የስትሮክን አደጋ ሊጨምሩ እንደሚችሉ ይታወቃል። በመድኃኒት ቤቶች እጅግ የተለመደው ዳይክሎፌናክም ኮክስ-2ን የመምረጥ ጠባዩ ለሴሌኮክሲብ የቀረበ በመሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ በልብ ላይ የሚያስከትለው ስጋት ተመሳሳይ ነው።

ቬን ያስረዱት አሠራር በየዕለቱ የሚሠሩ ስሕተቶችንም ያርማል። የመጀመሪያው በመርፌ የተሰጠ ማስታገሻ ጨጓራን አይነካም የሚለው እምነት ነው። ጨጓራው መከላከያውን የሚያጣው ክኒኑ ስለነካው ብቻ ሳይሆን፣ መድኃኒቱ በደም ተጉዞ ፕሮስታግላንዲንን ስለሚገታ ነው። ስለዚህ መርፌውም ሊያቆስል ይችላል። ሁለተኛው ሕመሙ ሲጠና ሁለት ዓይነት ፀረ ብግነት አደባልቆ መውሰድ ነው። ስማቸውና ቀለማቸው ቢለያይም የሚገቱት ያንኑ ኢንዛይም ስለሆነ፣ የሚደመረው ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ነው።

ሦስተኛው ለደም ግፊት ኤናላፕሪልን ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ፀረ ብግነት መጨመሩ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ የደም ግፊቱን ከቁጥጥር ሊያስወጡና ኩላሊቱን ሊጎዱ ይችላሉ። ለልብ ብለው አነስተኛ መጠን አስፕሪን የሚወስዱ ሰዎችም አይቡፕሮፌን የአስፕሪኑን ጥቅም ሊያስቀር፣ አስፕሪኑ ደግሞ ሴሌኮክሲብ ለጨጓራ የሚሰጠውን ጥበቃ ሊቀንስ እንደሚችል ማወቅ ይገባቸዋል።

እነዚህ መድኃኒቶች ከመታዘዛቸው በፊት ለጤና ባለሙያው መነገር ያለባቸው ጉዳዮች አሉ። የጨጓራ ቁስለት ወይም መድማት፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም፣ አስም፣ ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ፣ እንዲሁም እርግዝና ዋነኞቹ ናቸው። በተለይ ከእርግዝና አጋማሽ በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ የፅንሱን ኩላሊትና የልቡን ደም ሥር ይጎዳል። በአነስተኛው በቂ መጠን፣ ለአጭሩ አስፈላጊ ጊዜ መውሰድ የሁሉም መመሪያ ነው። ሕመሙ የማይለቅ ከሆነም መጠኑን በራስ ከመጨመር ይልቅ ተመልሶ መመርመር ይሻላል፤ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የፊዚዮቴራፒ ሕክምናና ሌሎች ማስታገሻዎች የክኒኑን ቁጥር ሊቀንሱ ይችላሉና።

እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ በአንድ ወገን የሚከሰት ድንገተኛ ድካም፣ የአንደበት መያያዝ፣ የእግር እብጠት ወይም የሽንት መቀነስ ከታየ መድኃኒቱን አቁሞ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በሐኪም ትእዛዝ ለልብ የሚወሰድ አስፕሪን ግን ያለ ሐኪም ምክር አይቋረጥም።

በእናታቸው ማድ ቤት ሙከራ የጀመሩት ልጅ ለሰው ልጅ ያወረሱት ዕውቀት አንድ መድኃኒት ሕመምን የሚያስታግሥበት መንገድ የሚጎዳበትም መንገድ መሆኑን ያስተምራል። ሰር ጆን ቬን በመጀመሪያው ግኝታቸው የክኒኑን ጥቅም፣ በሁለተኛው ደግሞ የጉዳቱን ምክንያት ለሐኪሞችና ለታካሚዎች ገልጠው አልፈዋል። ሁለቱን አመዛዝኖ ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚስማማውን መምረጥ ግን ታካሚው የጤና ታሪኩን ሳይደብቅ ለሐኪሙ ሲነግር፣ ሐኪሙም በጥሞና ሲያዳምጥ የሚፈጸም የጋራ ሥራ ነው።